ስም የሚያስመልስ ማህበር

የትናየት ሥራ የላትም ብሎ ሰፈሩ ከወሰነ ቆይቷል። ቱሪስቱ በደህናው ዘመን ሲጎርፍ፣ አስጎብኚ ሳለች «የትኔ ፈረንጇ» እያለ ሲያሞካሻት የኖረ ሰፈር፣ እንግዳው ጠፍቶ እቤቷ ቁጭ ብላ መተርጎም ስትጀምር ሥራ ፈት አደረጋት። ጎረቤቷ ይማርሽማ እርጉዝ ሆድዋን አጥሩ ላይ አስደግፋ፣ «ጠዋት ማታ ኮምፒውተር ላይ ማፍጠጥ! ምነው አንድ ቀን እንኳ ሽሮ ብታስፈጭ?» ትላለች። ይማርሽ ራሷ ሽሮዋን ከሱቅ ነው የምትገዛው።

እውነቱ ሲነገር ግን ከሰፈሩ ሁሉ የምትለፋው እሷ ነበረች። የመድኃኒት ወረቀት፣ የውኃ ፓምፕ መመሪያ፣ ማንም የማያነበው የፕሮጀክት ሪፖርት፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ያልመለሰችው የለም። ስሟ የትም አይወጣም። ይህንንም ችላ ኖራ ነበር፣ የነፍሰ ጡሮች መጽሐፍ እስኪመጣ ድረስ። ክረምቱን ሙሉ ወገቧ እስኪቆረጥ፣ አዋላጅ እየጠየቀች፣ የሟች እናቷን አነጋገር እያስታወሰች የሠራችው መጽሐፍ ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ «ትርጉም፦ ሰውነት» ይላል። ሰውነት ሥራውን የሰጣት ሰው ነው። የሰውየው እንግሊዝኛ ከ«ሄሎ» አያልፍም።

ሄዳ ብትጠይቀው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ «ያስተባበርኩት እኔ አይደለሁ? ተከፍሎሻል፤ ስም ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» አላት።

ወዳጅ ዘመድ «ተይው፣ ዝም አይነቅዝም» ቢላት፣ «የኔ ግን ነቅዟል!» አለች። ብቻዋን ስለሆነች እንደተጫወተባት ገብቷታል። እንግዲያው ማህበር ልግባ፣ ስሜን የሚያስመልስልኝ ማህበር ልምረጥ ብላ ተነሳች።

መጀመሪያ በኢንተርኔት አንዱን የውጭ አገር የተርጓሚዎች ማህበር ጠየቀች። «ጥያቄዎ ለእኛ እጅግ ውድ ነው» የሚል መልስ ዓይኗን ጨፍና ሳትገልጥ መጣላት፤ ከዚያ ወዲያ ወፍ የለም። ቀጥላ የድሮ ባልደረባዋ ባምላክ ወደሚመራው የአስጎብኚዎች ማህበር ሄደች። ባምላክ «ማህተም እንደሆነ ሞልቷል፤ የቱ ላይ ልምታልሽ?» ብሎ በደስታ ተቀበላት። ሰውነትን ጠይቁልኝ ስትለው ግን ሳል ያዘው። ለካስ ሰውነት የክርስትና ልጁ አባት ነው።

የቀረው የአዲስ አበባው የተርጓሚዎች ማህበር ነው። የላኩላት ወረቀት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ይጀምራል። እስካሁን የታሰረ አንበሳ ይኑር አይኑር አይናገርም። ስትደውል አጎቷ መምሬ ወልደ ኪዳን አጠገቧ ነበሩና «እስቲ አምጪው» ብለው ስልኩን ተቀበሏት። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ጸሐፊዋ ገለቴ ናት።

«ልጄ፣ እንደምን ናችሁ? አባላችሁን ሰው ቢበድልባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ደብዳቤ እንጽፋለን፣ አባቴ።»

«ለበዳዩ?»

«ለሚመለከተው አካል።»

«እሱስ ዝም ቢል?»

ገለቴ አሰብ አደረገችና፣ «ሌላ ደብዳቤ እንጽፋለን» አለች።

መምሬ መርቀው ዘጉትና ወደ የትናየት ዞሩ። «የእናትሽ ቦታ በማርያም ማህበር ባዶውን ተቀምጧል። ነይ ስልሽ ‹ሥራ ይዣለሁ› ትያለሽ። ሰውነትም እኮ አባል ነው። የተቀያየመ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ እንደማይጠጣ ረሳሽው?»

የትናየት ማህበሩን የሐሜትና የጠላ ጉባኤ ነው እያለች ስትሸሸው ነው የኖረችው። ለአዲስ አበባው ማመልከቻዋን ለማንኛውም ላከች፤ ወሩ በሃያ አንድ ሲሆን ደግሞ የእናቷን ነጠላ ለብሳ ወጣች።

የመደገሱ ተራ የይማርሽ ነበር። ይማርሽ በቅርቡ ወልዳ ሕፃኗን ታቅፋለች። ሰውነት ቀድሞ መጥቶ ከጠላው አጠገብ ቦታ ይዟል። ጸሎቱ አልቆ መምሬ ጽዋውን አነሱና እንደ ደንቡ፣ «የተቀያየመ አለ?» አሉ። ሁልጊዜ ሰው ሁሉ «የለም!» ብሎ ወደ ዳቦው ነው።

«አለ» አለች የትናየት፤ ብድግ ብላ ቆመች። «እኔና ሰውነት።» የመጽሐፉን ነገር አንድም ሳታስቀር ተናገረች።

ሰውነት ሳቀ። «ይሄ የቢሮ ጉዳይ ነው፤ እመቤታችንን በዚህ አናስቸግራት።»

«እንግዲያው ጽዋው አይወርድም» አሉ መምሬ፤ ይዘውትም ቆሙ። ሽማግሌዎቹ አንዴ ጠላውን፣ አንዴ ሰውነትን ያያሉ። ቆይቶ አንዱ አላስችል ብሏቸው፣ «ኧረ አንተ ሰው፣ ጉሮሯችን ደረቀ! ተናገርና ገላግለን!» ብለው ጮኹበት።

ሰውነትን ላብ አጠመቀው። «እሺ… የተረጎመችው እሷ ናት። እኔ ያስተባበርኩት…»

«ማስተባበሩን ተወው» አሉ መምሬ።

«እሷ ናት። በሚቀጥለው ኅትመት ስሟ ይገባል።»

መምሬ ጽዋውን ለየትናየት ሰጡ፤ እሷም ቀምሳ ለሰውነት አሳለፈችለት። ይማርሽ ግን ቆማ ቀርታለች።

«ያ የነፍሰ ጡር መጽሐፍ? አምቡላንሱ የቀረብኝ ለት እህቴ እያነበበችልኝ የተገላገልኩበት?» ወደ የትናየት ቀረበች። «‹አይዞሽ፣ ማርያም ከጎንሽ ናት፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ› የሚለው… አንቺ ነሽ?»

እንግሊዝኛው «በዝግታ ይተንፍሱ» ብቻ ነበር የሚለው። የቀረውን የትናየት ከእናቷ አፍ ነው ያመጣችው።

«እኔ ነኝ» አለች፤ እንባዋም መጣ።

ይማርሽ ሕፃኗን እቅፏ ውስጥ አኖረችላትና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «አንቺ ቁጭ ብለሽ ሥሪ» አለቻት። «ሽሮሽን እኔ አስፈጭልሻለሁ።»