የረዳት አብራሪው ጨዋነት

ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ቤት ሲመጣ ሁልጊዜ ጀርባውን ለጣና ሰጥቶ ይቀመጣል። ነጭ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ ማዕረግ የሚታሰርበት ትከሻው ግን ባዶ ነው። በውኃው ላይ ዝቅ ብሎ ለማረፍ የሚመጣ አውሮፕላን ሲሰማ ጉርሻው እጁ ላይ ይቀራል፤ ድምፁ እስኪጠፋ አይጎርስም።

ትናንት አጠገቡ ተቀመጥሁ። ረዳት አብራሪ እንደነበር ነገረኝ። አምና ዋና አብራሪው ከሚገባው በላይ ፈጥነው ወረዱ፤ አውሮፕላኑ ከማረፊያው አልፎ ገደል ገባ። እሳቸውም፣ ብዙ ተሳፋሪዎችም ሞቱ።

«ፍጥነቱን አላየኸውም ነበር?»

«አየሁ እንጂ። ‹ጋሼ፣ ትንሽ ፈጠን ያልን መሰለኝ› አልኋቸው።»

«መሰለኝ?»

«ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት አድርጌ ተሳስተዋል ልበላቸው?»

ታላቅ ሰው ፊት ሁላችንም የምንላት ያች ለስላሳ ቃል ይህን ያህል ሰው ትቀብራለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

የቤቱ ባለቤት እማማ እናትዓለም መጥተው ከአጠገቡ ቆሙ። «ዓሣው በሰለልህ ልጄ?» አሉት።

አጥንቱ ዙሪያ ገና ደም ነበር። ሳህኑን አየና ቀና አለ።

«በደንብ፣ እማማ» አላቸውና ጎረሰ።