ሰው የማያይበት መንገድ

ዕድሜዬን በሙሉ መሪ ጨብጬ ነው የኖርኩት። የመንግሥት መኪና ሹፌር ነበርኩ። አሶሳን፣ ባምባሲን፣ የኩርሙክን መንገድ ከነጉድጓዱ አውቀዋለሁ እያልኩ ስፎክር ጡረታ ወጣሁ። ለካ የማውቀው ጉድጓዱን ብቻ ኖሯል! ከተማዋን በእግሬ ዞሬ ያየኋት ባለፈው ዓመት ነው፤ ያውም ወድጄ አይደለም፣ ባለቤቴ ታማ ነው።

የኔዋን ያላወቀ የአሶሳን ገበያ አያውቅም። በርበሬና ቅመም ትሸጥ ነበር። ቤታችን ከገበያው ሩቅ አይደለም፤ እሷ ግን እዚያ እስክትደርስ ፀሐዩ ይበረታል። በርታውን በቋንቋው፣ ኦሮሞውን በቋንቋው፣ እንደኛ ከወሎ የመጣውን ሰፋሪ ደግሞ "አብሽር" እያለች፣ ሰላም ሳትል የምታልፈው ሰው የለም። መኪና ውስጥ ሆኜ ጥሩምባ ስነፋባት፣ "ሂድ ወዲያ! ሰላምታ እንደሆነ ነዳጅ አይጨርስ!" ትለኝ ነበር።

ያቺ ሴት አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሷ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ፤ አንደበቷም ውሎ አድሮ ተፈታ። እግሯ ግን ይጎተታል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሳትደብቅ ነገረችን። "እማማ፣ በየቀኑ ከቤት ወጥተው ካልተራመዱ ይሄ እግር እንደዚሁ ደርቆ ይቀራል። ጊዜው አሁን ነው፤ ካለፈ በኋላ ቢለፉም አይመለስም" አለቻት።

የኔዋ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። "ሞቼ ነው እንዲህ እየተጎተትኩ ሰው የሚያየኝ!" አለች። ጠያቂ ሲመጣ "ተኝታለች በል" ትለኛለች፤ እኔም እላለሁ። ሰዉም እንቅልፏን እንዳይረብሽ እያለ መምጣቱን ተወ። እሷ ከመኝታ ቤት እስከ ጓሮ፣ ከጓሮ እስከ መኝታ ቤት ሆነ መንገዷ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት፤ ወይ ፍንክች! አንድ ቀን ጭቅጭቄ ሲያንገሸግሻት፣ "እሺ፣ ሰው የማያይበት መንገድ ካለ ፈልግና ውሰደኝ" አለችኝ። ልታፌዝብኝ ነው። እኔ ግን ቃሏን ያዝኩ። "ብቻ አደራ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱብሒ ሰግጄ ከዘራዬን ይዤ መውጣት ሆነ ሥራዬ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ማንጎ ግራና ቀኝ የተሰለፈበትን መንገድ ነው። ግንቦት ነበር። በመኪና ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ያን ጊዜ ማንጎ ማለት ለኔ የመኪና ማቆሚያ ጥላ ነው። በእግሬ ስገባበት ቅርንጫፉ ከላይ ተቃቅፎ ጣሪያ ሠርቷል። ሌሊት የረገፈው ማንጎ መሬቱን ቢጫ አድርጎታል። የሌሊት ወፎቹ እራታቸውን ጨርሰው በላዬ ሲያልፉ የክንፋቸው ነፋስ ግንባሬን ነካው። ሱብሃነላህ! ባለሁበት ቆምኩ። ይሄ ሁሉ እኔ መኪና ሳሞቅ እዚሁ ነበር ማለት ነው? ምን ያደርጋል፣ ጎህ ከመቅደዱ ማንጎ ለቃሚው የማዳበሪያ ጆንያውን ይዞ ከየአቅጣጫው ፈሰሰ። እዚህ አትመጣም ብዬ ተውኩት።

ቀጥዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ጉብታ ወጣሁ። ፀሐይ በባምባሲ በኩል ከጀርባዬ ስትወጣ፣ ፊት ለፊቴ እስከ ሱዳን ድረስ ያለው ቆላ በጉም ተሞልቷል። ከጉሙ ውስጥ የኩይሳ ጫፍ ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። ብርሃኑ ከእግሬ ሥር ተነስቶ ቁልቁል ሲሄድ፣ የነካው ጉም ሁሉ መጀመሪያ ሮዝ፣ ቀጥሎ ወርቅ እየሆነ፣ ኋላም እየተነሳ ጠፋ። ያን መንገድ ስነዳው ዓይኔ ከፊቴ ያለ የጭነት መኪና ላይ ነበር፤ ጌታ ግን በየማለዳው ይሄን ይዘረጋል፣ ያየውም ያላየውም ሳይለይ። እንባዬ መጣ፤ ምን አፍራለሁ፣ መጣ። ግን ዳገቱ ለጤነኛም አይመች። እሱንም ተውኩት።

በሦስተኛው ቦታ ነው ልቤ ያረፈው። ከሰፈራችን ጀርባ፣ ወደ ወንዙ የሚወስድ፣ ግራና ቀኙን ሽመል የሞላው መንገድ ነው። እዚህ ቀርከሃውን ሽመል ነው የምንለው። መሬቱ ሜዳ፣ ለስላሳ። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ቡቃያው መሬቱን እየፈነቀለ ይወጣል። አንዱ አጠገብ ከዘራዬን ተክዬ ለካሁት፤ ከእጀታው በታች ነበር። በማግስቱ ብሄድ እጀታውን አልፎ ቆሟል! አጃኢብ ነው! ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት፣ ሽፋኑን እየሰነጠቀ ሲያድግ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሽማግሌ ሰው ጭቃ ላይ ተንበርክኬ የቀርከሃ ድምፅ ሳዳምጥ ማንም ቢያየኝ አበደ ይለኝ ነበር።

ያየኝስ አልጠፋም። ከሽመሉ ዳር ማሽላ የዘሩ አንድ የበርታ ሽማግሌ አሉ። ለብዙ ቀን እንደዚያ ሳጎነብስ፣ ቁጥቋጦ ስገልጥ፣ ለእሷ የማይመች ጉድባ አለ ወይ ብዬ መሬቱን ስደቃ ሲያዩኝ ከርመው ኖሯል። አንድ ማለዳ ጠጋ ብለው፣ "ወንድሜ፣ ምን ትፈልጋለህ?" አሉኝ። አደራ ተብዬ የለ! "እየፈለግኩ ነው አባቴ፣ ገና ነው" ብዬ አለፍኩ። "አይዞህ። አላህ ያውቃል" አሉና ወደ ማሽላቸው ተመለሱ። ሌላም ሰው አየኝ፤ ከትከሻቸው ባጋደሙት እንጨት ጫፍና ጫፍ ውሃ አንጠልጥለው የሚመለሱ ሴቶች ዘወር እያሉ አዩኝ። እነሱ ግን ሁልጊዜ የሚያልፉት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ቀድመን ከወጣን መንገዱ የወፍ ብቻ ነው።

ሰኔ መገባደጃ ላይ፣ ሌሊቱን ጥሎ ባባራበት አንድ ማለዳ፣ "ተነሺ፣ አገኘሁት፤ ሰው የሚባል ዝር አይልበትም" አልኳት። አፍጥጣ አየችኝ። ቃሏን ማጠፍ አትወድም። ሻርፗን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ክንዴን ይዛ ወጣች። ግራ እግሯ ጭቃው ላይ ረጅም መስመር እያሰመረ ቀስ እያልን ሽመሉ ውስጥ ገባን።

ያን ጊዜ ጎህ ቀደደ። ቅጠሉ ያዘለው ውሃ ሁሉ በአንድ ጊዜ በራ። ነፋስ ሲነካው ብርሃኑ ራሱ ጠብ ጠብ አለብን። ክንዴን ለቀቀች፤ በስንት ወሯ! ሻርፗን ከፊቷ አወረደችና ቀና ብላ አየች። "አጃኢብ! ይሄ አሶሳ ነው?" አለችኝ።

በዚህ መሀል ነው የሰው ድምፅ የሰማነው። አንድ ሁለት ሰው ቢሆን ምን ነበረበት። ሽማግሌው ከፊት፣ ከኋላቸው ዱላና ገጀራ የያዙ የሰፈር ወንዶች፣ ከዚያ ደግሞ ያን ቀን ማልደው የወጡት ውሃ ቀጂ ሴቶች፣ መንገዱን ሞልተው ፊት ለፊት መጡብን። የኔዋ ክንዴን ጨመደደችው። "አንተ ሰውዬ! ሰው የለም አላልክም? መልሰኝ!" አለች። ዛሬ ከተመለሰች ዳግመኛ ደጅ እንደማትወጣ ገባኝ። እግሯም እንደዚያው ደርቆ ሊቀር ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽማግሌው ገና ሳይደርሱ፣ "ሹፌር! መጣን!" አሉኝ። "አንተ ብቻህን ፈልጎ ፈልጎ ደከመ። እኛ አየን፣ ዝም ማለት ነውር ነው። ፍየል ነው? አህያ ነው? ንገረን፣ ተከፋፍለን እንፈልጋለን።"

ጉድ ፈላ! በዚህ አገር ጎህ ሳይቀድ ቁጥቋጦ እየገለጠ የሚሄድ ሰው ከብት ጠፍቶበታል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ከብት የጠፋበትን ሰው ደግሞ ጎረቤቱ እስኪጠራ አይጠብቅም፣ ዱላውን ይዞ ይወጣል። መንገድ ለመምረጥ የሚያጎነብስ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? "አይ አባቴ፣ የጠፋ እንኳን..." ብዬ ተንተባተብኩ።

ቀድማ የገባት የኔዋ ናት። ከጀርባዬ ሳቋ ሲመጣ ሰማሁት። ያ የገበያ ሳቋ! "ፍየል! እናንተዬ፣ ይሄ ሰውዬ ፍየል የት አባቱ አለው!" አለች።

ሴቶቹ ድምፁን ያውቁታል። አንደኛዋ፣ የበርበሬ ደንበኛዋ የነበረች የበርታ ሴት፣ ሸክሟን ጫፍና ጫፉን እኩል መሬት አሳርፋ እየሮጠች መጣች። አቅፋ ትከሻዋን ሳመቻት፣ ደግማ ሳመቻት፣ አልቅሳም ሳመቻት። "አንቺ አለሽ? እኛ ሱዳን ሄደ ብለን፣ ሞተ ብለን..." ትላለች። የኔዋም ሳቋና ልቅሶዋ ተደባለቀ። ስለ እግሯ አንድም ሰው አልጠየቀም።

ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ዞሩ። ዱላቸውን መሬት ተከሉና፣ ሳይቆጡ፣ "ፍየል ሲጠፋ እኛ እንወጣለን" አሉኝ። "ሰው ሲጠፋ ለምን አትነግረንም?"

አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ሁሉም ወደ ወንዙ ዞሮ በእሷ እርምጃ ሄደ። እነዚያ ዳገት የሚሮጡ ሰዎች፣ አንዲት ሴት እግሯን እስክታነሳ እየቆሙ፣ ስለ ማሽላና ስለ ዝናቡ እያወሩ ሄዱ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። የጉብታው ጎህ እንኳ የዚህን ያህል አላስደነቀኝም።

በማግስቱ ሲነጋ፣ ድካሙ ኖሮብኝ እንቅልፍ ጥሎኛል። የሆነ ነገር ጎኔን ጎሰመኝ። ዓይኔን ስገልጥ የኔዋ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ የገዛ ከዘራዬን ይዛ ቆማለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ተነስ እንጂ!" አለችኝ። "ሰው እየጠበቀኝ ነው።"