የመተላለፊያው መስመር

‹ቀጤ› የሚለውን ስም ያወጡለት ቀለም ቀቢዎች ናቸው። የግድግዳው ታችኛው ግማሽ በዘይት ቀለም፣ ላይኛው በውሃ ቀለም ሲቀባ፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን መስመር ሌላው ሰው ክር ወጥሮ፣ ፕላስተር ለጥፎ፣ ፈጣሪውን ለምኖ ያወጣዋል። ቀጤ ግን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ብሩሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ እንጉርጉሮ ይስበው ነበር። መስመሩም ቀጥ ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ከዚያ ወደቀ። አንገቱ ውስጥ ያለው ነርቭ ተጎዳ፤ እግሮቹ እንቢ አሉ፤ የቀኝ እጁ ጣቶች አንዳንዴ ይታዘዛሉ፣ አንዳንዴ አይሰሙም። ተሽከርካሪ ወንበር መጣ። የሥራ ባልደረባው ከቁመቱ የተነሣ ‹መሰላሉ› ይባላል፤ ቀጤ የወደቀው ግን ከሌላኛው፣ ከእንጨቱ ነው።

ከወደቀ በኋላ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ጠባይ ተለወጠ። ማንኪያ ሲያነሣ ሚስቱ «ጎበዝ!» ትለዋለች። ሸሚዙን ሲቆልፍ ጎረቤት ያጨበጭባል። አበዳሪዎቹ እንኳ በርኅራኄ ዓይን ያዩት ጀመር። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ የሰደበው ሰው የለም። እውነቱን የነገረችው እጁን የምታሠራለት ባለሙያ ብቻ ናት።

«ጣቶቼ ይመለሳሉ?»

«አላውቅም። ሊመለሱ ይችላሉ፣ ላይመለሱም ይችላሉ። አሁን ኳሷን ጭመቃት፤ አስመሰልክ እንጂ አልጨመቅክም።»

ያን ቀን በደስታ ወደ ቤቱ ሄደ። መንገድ ላይ ለራሱ እንዲህ ሲል አንጎራጎረ፦

እግሬ ቢያምፅ እንኳ ቤት ቢውል ተኝቶ፣
ዓይኔ ሥራ ይሄዳል በጠዋት ተነሥቶ።

የሰፈሩ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ መሰላሉ የመተላለፊያውን ግድግዳ የመቀባት ሥራ ያዘ። ቀጤን ሊጠይቀው መጥቶ ስለ ሥራው ሲያወራ፣ ከአፉ አምልጦት የመስመሩ ከፍታ አንድ ሜትር ከሃያ መሆኑን ተናገረ። ቀጤ ወንበሩ ላይ ሆኖ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። ልክ እዚያው ነው።

«አንተ እዚያ ከፍታ ላይ ለመሥራት እንደ ግመል ትንበረከካለህ» አለው። «እኔ ተቀምጬ እደርስበታለሁ። መስመሩን ለእኔ ተው።»

መሰላሉ ጫማውን አየ። ከዚያ «እሺ፣ ደስ ይለኛል» አለ። ይህ መልስ ቀጤን ቅር አሰኘው። መሰላሉ ድሮ አንድም ነገር ሳይጨቃጨቅ እሺ ብሎ አያውቅም።

ሰኞ ጀመሩ። ብሩሹን ከቀኝ መዳፉ ጋር በጨርቅ አሰሩለት። በቀኙ እየሳበ በግራው የወንበሩን ጎማ ይገፋል። ወንበሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብሩሹ ይዘላል፤ መስመሩ ላይ ትንሽ ጉብታ ይወጣል። ማታ ማታ የሚያስጨንቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ እዚያ የሚውለው ቀለም ቀቢ ሆኖ ነው ወይስ ታማሚ ሆኖ?

ሐሙስ ከምሳ በፊት የጉብታዎቹን ቁጥር ያዘ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ከምሳ ሲመለስ አንድም የለም።

«ማነው መስመሬን የነካው?»

«አቧራ ነበረበት፤ ጠረግኩት» አለ መሰላሉ፣ ብሩሹን ከኋላው ደብቆ።

«አቧራው አሥራ አንድ ቦታ ላይ ነው ያረፈው?»

«ቀጤ፣ ተወኝ በናትህ።»

«ከሰኞ ጀምሮ ነው?»

መሰላሉ ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ተቀምጦም ረጅም ነው። «ታዲያ ምን ላድርግ? አንተን መስመርህ ጠማማ ነው ብዬ እንዴት ልንገርህ?»

«ድሮ እንዴት ነበር የምትነግረኝ?»

«ድሮማ እሰድብህ ነበር።»

«እኮ! አፍህን ማን ዘጋው? የወደቅኩት እኔ፣ የተሰበረው ያንተ ምላስ ነው?»

መሰላሉ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ካልክ… ትናንት ያወጣኸው መስመር የሰከረ እባብ ይመስላል። ሳስተካክለው ወገቤ ተቆረጠ።»

«ቀጥል።»

«እየገፋህ እየቀባህ ጎበዝ መሆን አማረህ። ማነው ሁለቱን ባንዴ ሥራ ያለህ? ቁም፣ ፍሬኑን ያዝ፣ ቀባ። ከዚያ ብሩሹን አንሣ፣ ተንቀሳቀስ፣ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ተመልሰህ እርጥቡ ላይ ጀምር። ይሄ ጠፍቶህ ነው፣ ደንቆሮ?»

ቀጤ ይህ አልጠፋውም ነበር፤ ያዘገያል ብሎ ነው የተወው። ፍሬኑን ያዘ። የመጀመሪያው ክንድ መስመር ተበላሸ፣ ተሰደበ፣ በጨርቅ ጠረገው። ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ፣ ትንሽ ተሰደበ። አራተኛው ላይ መሰላሉ ጎንበስ ብሎ አየና ያለ አንድ ቃል ወደ ራሱ ሥራ ሄደ። ያን ያህል ደግ ቃል ቀጤ ሰምቶ አያውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሰላሉ ከመተላለፊያው ጫፍ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መስመሩን ለካ።

«በሩ አጠገብ ያለውን አልቀበልም። ነገ ታስተካክለዋለህ።»

«አሁን ላስተካክለው።»

«ቀለሙ ይድረቅ እንጂ! ሁለት ሰዓት ላይ ካልተገኘህ ሌላ ሰው አመጣለሁ።»

ማታ ቀጤ ለሚስቱ ሥራ እንደገባ ነገራት።

«ከሰኞ ጀምሮ ታዲያ የት ነበር የምትውለው?»

«እንደ ታማሚ ስጠየቅ ነበር» አላትና፣ የማንቂያ ደውሉን ለአሥራ ሁለት ተኩል እንድትሞላለት ለመናት።