ርሆቦትን የቀደምኩበት ዓርብ

በርሆቦት እቀናለሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሰብሌ እባላለሁ። ኮልፌ ባለው ትምህርት ቤታችን አሥራ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ እሷ ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ከዓለም ባንክ ሰፈር በታክሲ እየመጣች ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ትደርሳለች። አባቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ቤታቸው እንግሊዝኛ የሚያወራ የለም። ታዲያ ያ እንግሊዝኛ ከየት መጣ? እኔ ደብተር ላይ ጽፌ፣ ሸምድጄ የያዝኩትን እሷ ሻይ እየጠጣች ታወራዋለች። በዚያ ላይ «እርስዎ» ትለኛለች፤ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው እንጂ አያቷ አይደለሁም። ቀድሞ ከበቀለ ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠ ሲባል፣ ጆሮው እኔ ነኝ።

ዘንድሮ የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊው ጡረታ ወጡና ቦታው ለእኔ ወይም ለእሷ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ አቶ መገርሳ አድልዎ እንዳይባል ብለው ዘዴ አመጡ፤ ሁለታችንም ሰባተኛ ቢ ገብተን፣ መራጭ ኮሚቴ ኋላ ተቀምጦ እያየ፣ አንድ ዓይነት ትምህርት እንድናስተምር። ትምህርቱ አንድን ነገር ከተያዘለት ጊዜ ቀድሞ መሥራት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ነበር። እሷ ሰኞ፣ እኔ ረቡዕ።

እሷ ካስተማረች በኋላ እኔን ማን ያያል? ቢሮ ገብቼ፣ ረቡዕ እናቴን ቤቴል ክሊኒክ እንደምወስድ ለአቶ መገርሳ ነገርኳቸው። እናቴ ምንም አልሆነችም። ቀኔ ከሰኞ በፊት ወዳለችው ዓርብ ተዛወረልኝ። ርሆቦት ስትጠየቅ ወዲያው እሺ አለች፤ ለእናቴም እግዚአብሔር ይማርልዎ አለችኝ። ይሄም አናደደኝ።

ዓርብ ገባሁና ሰሌዳው ላይ «ብሪንግ ፎርዋርድ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጠሮን ከቀኑ ማስቀደም ማለት ነው። ልጆቹ ግን ፎርዋርድን ወደፊት ብለው ስለያዙት ቀኑ የተራዘመ መሰላቸው። የቀን መቁጠሪያ ሠራሁ፣ የራሴ ትምህርት ከረቡዕ ወደ ዓርብ መምጣቱን በቀስት አሳየሁ፣ አንዱን ልጅ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት አዛውሬ አሳየሁ። በመጨረሻ ሁሉም ገባቸው። ከዕቅድ ቀድሞ መጨረስን፣ «አሄድ ኦቭ ስኬጁል»ን፣ እንደምንም አስከተልኩ። መልመጃውን ሳልጀምር ተደወለ። ኮሚቴው ከአንድም ተማሪ አፍ እንግሊዝኛ ሳይሰማ ወጣ።

ሰኞ እኔም ኋላ ተቀመጥኩ። ርሆቦት ምንም አልጻፈችም። ሰሞኑን ማን ምን ከጊዜው ቀድሞ እንደሠራ ብቻ ጠየቀች። የተነሣ እጅ ክፍሉን ሞላው። የአንዱ አክስት ሠርግ ጾም ሳይገባ ይለቅ ተብሎ ብሪንግ ፎርዋርድ ተደርጓል፤ የአንዷ ቤት ጣሪያ አሄድ ኦቭ ስኬጁል አልቋል። ሁሉም ዓርብ ከእኔ የሰሙት ነው። እኔ ያረስኩትን እሷ ታጭዳለች፣ ያውም ኮሚቴው ፊት።

ከዚያ ሜቲ ተነሣች፤ የክፍሉ ዝምተኛ ልጅ ናት። ቲቸር ሰብሌ ትምህርቷን ከረቡዕ ወደ ዓርብ አስቀደመች ብላ በጠራ እንግሊዝኛ ተናገረች። ርሆቦት እንደማንኛውም መምህር ለምን ብላ ጠየቀቻት።

«ቢኮዝ ሺ ዎንትድ ቱ ቢ ፈርስት» አለች ሜቲ። አንደኛ መሆን ፈልጋ ማለቷ ነው።

ክፍሉ ሳቀ፤ ኮሚቴውም ሳቀ። ርሆቦት ግን አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝ፤ የክሊኒኩ ነገር ውሸት መሆኑ እንደገባት ከፊቷ አነበብኩ። ሜቲን ጎበዝ ብላ አስቀመጠቻትና ወደ ኮሚቴው ዞረች።

«እነዚህን ልጆች ያስተማሯቸው ቲቸር ሰብሌ ናቸው። እኔ የጠየቅኩት ጥያቄ ብቻ ነው።»

ኮሚቴው ስብሰባ ጠርቶ ቦታውን ለእኔ ሰጠ። ከስብሰባው ስንወጣ እንኳን ደስ አለዎት አለችኝ፤ ስለ ክሊኒኩ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያኔ ስቃብኝ ቢሆን ኖሮ ጠልቻት ይወጣልኝ ነበር። አሁን ግን የተቀመጥኩበትን ወንበር የሰጠችኝ እሷ ናት።