አንበሳ ለማየት የተሰጠኝ ወረቀት

«ሰው አልበቃ ብሎሽ ነው አውሬ የምትናፍቂው?» አለችኝ አክስቴ ፊት ለፊት።

 የቱ ሰው? ጣሊያን ከገባ ወዲህ ትምህርት ቤቴ ተዘግቷል። አብራኝ ትቀመጥ የነበረችው ተድራ ጅማ ወርዳለች፣ የሌሎቹን አድራሻ አላውቅም። ኮልፌ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ባለችው ቤታችን ከአክስቴ ጋር ቅቤ ስመዝን እውላለሁ። የሚመጣው ሁሉ ስለ ቅቤው ይጠይቃል እንጂ ስለኔ የሚጠይቅ የለም።

ከትምህርት ቤት የተረፈኝ አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ነበር። አንዱ ገጽ ላይ ሰዎች ባርኔጣ አድርገው፣ አጥር ተደግፈው ቀጭኔ ያያሉ። ጳጉሜ ሲገባ ሰው ለዘመን መለወጫ ቤቱን ሲለቀልቅ እኔ ከደብተሬ ጀርባ በመጪው ዓመት የማያቸውን የአራዊት ግቢዎች ጻፍኩ። አንደኛ፣ እዚሁ ከተማ ያሉት አንበሶች። ሁለተኛ፣ የካይሮው። ሦስተኛ፣ የፓሪሱ። የሮማውን ጽፌ ሰረዝኩት። አንዱንም ረግጬ አላውቅም። ካይሮና ፓሪስ እንደማልደርስ አልጠፋኝም፣ ሞኝ አይደለሁም። የመጀመሪያው ግን በእግር ይደረሳል። እሱን ካየሁ የቀሩትን ማሰብ አያቅተኝም። ካላየሁት ያው ቅቤ ነው።

በዚያ ሰሞን ወደ ከተማም ሆነ ወደ ገጠር ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። ወረቀቱ የሚሰጥበት ቢሮ ሄጄ ተሰለፍኩ። ከጣሊያኑ ሹም አጠገብ የሚቀመጠው አስተርጓሚ የሰፈራችን ሰው ነው፣ ከእኛ ቅቤ ይገዛል። ሰፈሩ ግን ባንዳ ነው እያለ ይሸሸዋል።

«ለምን ጉዳይ ነው፣ እህቴ?»

«አንበሳ ለማየት።»

 ከኋላዬ የተሰለፉ አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ ባልቴት ሳል ያዛቸው። ሰውየው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ እዚያው ረሳው።

«ምን ለማየት አልሽ?»

«አንበሳ። አንበሳ አታውቅም እንዴ? ጎፈር ያለው።»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለኝ በጥርሱ መሃል።

ጣሊያኑ አንድ ነገር ጠየቀው። እሱም ፈገግ ብሎ ረዘም ያለ ነገር መለሰለት። ከዚያ ሁሉ የገባኝ «ማላታ» የሚለው ብቻ ነው፣ ከፈረንሳይኛው ስለሚቀርብ። የታመመች ማለት ነው። ማኅተሙ ተመታ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። «ሰላም በይልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ደጅ ወጥቼ አነበብኩት። የታመመች አክስት ለመጠየቅ፣ መናገሻ፣ ሁለት ቀን። ከተማው በምሥራቅ፣ መናገሻ በምዕራብ። መናገሻ ደግሞ ጫካ ነው፣ ጫካው ውስጥ ጎፈሬያቸውን ያሳደጉ አርበኞች አሉ። ሰው በሹክሹክታ «አንበሶቹ» እንደሚላቸው እኔም እሰማ ነበር። የኔ አንበሳ ሌላ ስለሆነ ልብ አላልኩትም፣ አስተርጓሚው ግን እነሱን ያልኩ መስሎታል። ተመልሼ «ተሳስተሃል» እንዳልለው፣ በሹሙ ፊት ሰውየውን ለገመድ መስጠት ነው።

«እሳት ውስጥ ጨምሪው» አለች አክስቴ። ቀኑን ሙሉ አልጨመርኩትም። ደብተሬ ውስጥ፣ ከዝርዝሩ አጠገብ ከተትኩት።

በማግስቱ ጠዋት እኚያ ሰልፍ ላይ የሳሉት ባልቴት በጨርቅ የተቋጠረ በሶ ይዘው መጡ። ጎረቤት ሆነን እግራቸው ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ከአጠገቤ ተቀመጡና ጉልበቴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይሄን ለልጄ ታደርሺልኛለሽ። ቀኝ ጆሮው ላይ ጠባሳ አለው፣ አይጠፋሽም።»

«እማማ፣ እኔ እውነተኛ አንበሳ ለማየት ነበር ያሰብኩት።»

«የኔስ መቼ ውሸት ሆነ?»

«አይደለም፣ እዚያ ከተማ አጥር ውስጥ ያሉትን ማለቴ ነው። አራት እግር ያላቸውን።»

 «የታሰረ አንበሳ ምኑ ይታያል?» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል እንባቸውን አየሁት። «ሦስት ክረምት ሆነው። ሰው የሌለው እንዳይመስለው ብቻ ንገሪልኝ።»

ቋጠሮውን ጭኔ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

አክስቴ ሚዛኑ ፊት ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። «ወላድ ናት» አለች።  መጽሐፉን ከሣጥኔ አውጥቼ ቀጭኔውን አየሁ፣ መልሼ ከደንኩት። ወገቤን በመቀነት አጥብቄ በሶውን ነጠላዬ ሥር ሳዝል፣ አክስቴ ከማሰሮው ቅቤ ዘግና በኮባ ጠቀለለችልኝ። አልመዘነችውም።

«በሶው ደረቅ ነው» አለች።

ኬላው ላይ ወረቀቴን አሳየሁ። ወታደሩ ማኅተሙን አየ፣ በእጁ እለፊ አለኝ፣ በምዕራብ በኩል ወጣሁ።