እኔን የማይባልበት ምንጣፍ

አሰልጣኜ ከአፌ ልታወጣው ያልቻለችው አንድ ቃል አለ። ተጋጣሚዬን አንስቼ በጀርባዋ ምንጣፉ ላይ በጣልኳት ቁጥር «እኔን!» እላለሁ። አስቤ አይደለም፤ ቀድሞኝ ይወጣል። መጀመሪያ ምን እያልሽ ነው ብላ ስትጠይቀኝ አሁን ባለሁበት አገር ቋንቋ ላስረዳት ሞክሬ አቃተኝ። ይቅርታ ማለት አይደለም፣ በአንቺ ፋንታ እኔ ልውደቅ እንደማለት ነው ብላት ሳቀች። ጁዶ የሚሠራ ሰው እንዲህ ብሎ ይመኛል እንዴ አለች።

በአገሬ በመርሳ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው እንቅፋት ቢመታው ከሦስት አቅጣጫ እኔን ይባልለታል። የማያውቁት ይሁን፣ ትናንት የተጣሉት ይሁን፣ ሲወድቅ አይቶ ዝም ማለት ነውር ነው። እናቴማ የተጫነ አህያ ሲንበረከክ እንኳ እኔን ስትል ሰምቻታለሁ።

ጁዶ የጀመርኩት ወልድያ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ነው። ጭድ የተጠቀጠቀ ጆንያ ደርድረን ላዩን ሸራ ወጠርንበት፤ ምንጣፋችን እሱ ነበር። መምህራችን ሁለት ወር ሙሉ ከመውደቅ በቀር ምንም አላስተማረንም። አንድ ቀን እናቴ ማንጎ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። እኛ በተራ ስንወድቅ እሷም በተራ እኔን ስትል፣ መምህሩ ታገሠ ታገሠና ወደ በሩ ሄደ።

«እናቴ፣ አንቱ እኔን ባሉ ቁጥር ልጆቹ የተጎዱ እየመሰላቸው ነው።»

«ታዲያ ዝም ብዬ ልያቸው? ድንጋይ ነኝ?»

ማንጎውን ለሁላችን አከፋፍላ፣ ልጄን እንድትጥል ብዬ ነው የላክኋት እንጂ እንድትወድቅማ ቤቴም ደረጃ አለኝ እያለች ሄደች። ከዚያ በኋላ የመጣሁበትን መንገድ ማውራት አልወድም፤ ከአላህ ነው። በአገር ውስጥ ውድድር ወርቅ አገኘሁ፣ ቀጥሎም ከአገር ውጭ፣ በመጨረሻም ይህ የብርድ አገር ክለብ ወሰደኝ። እናቴን በዓይኔ ካየሁ ስድስት ዓመቴ ነው።

እዚህ ስወድቅ ማንም ምንም አይለኝም። ክፉ ሆነው አይደለም። የልምምድ ጓደኛዬ በክብደት እኩያዬ የሆነች ረጅም ልጅ ናት፤ በረመዷን ልምምዱ ሲያልቅ መግሪብ እስኪገባ አብራኝ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ቴምሩንም እሷ ናት የምትገዛው። ግን ጥላኝ ስትነሳ ፊቷን አዞራ ቀበቶዋን ታጠብቃለች። ደንቡ ነው።

ዘንድሮ ክለባችን ለወዳጅነት ውድድር ወደ አዲስ አበባ ተጠራ። ከየክብደቱ አንዲት ሴት ብቻ ትሄዳለች፤ በእኛ ክብደት ያለነው እኔና ጓደኛዬ ነን። አንድ ግጥሚያ ይለየናል ተባለ። ከውድድሩ በኋላ አምስት ቀን ዕረፍት አለ። ያን ስሰማ ልቤ መርሳ ሊደረስ ሲል ያለችውን ውርጌሳን አልፎ ነበር።

ለእናቴ ስነግራት ተጠንቅቄ ነበር፤ ገና አላሸነፍኩም፣ ኢንሻአላህ በይ አልኳት። ኢንሻአላህ አለች፣ ግን የሰማችው እመጣለሁ የሚለውን ብቻ ነው። መንገዱ እንዴት ነው ብላት፣ አልሐምዱሊላህ አሁን ደኅና ነው፣ መኪናውም እየሄደ ነው አለችኝ። ሜዳሊያ የዱንያ ነገር ነው እያልኩ በሕይወቴ ለማሸነፍ ዱዓ አድርጌ አላውቅም ነበር። በዚያ ሳምንት ግን በየሱጁዱ ለመንኩ።

የግጥሚያው ቀን አሰልጣኜ ጸጉሬን የሸፈንኩበትን ጠባብ ኮፍያ እያስተካከለችልኝ፣ ስትጥያት ዝም በይ፣ ተከትለሻት ውረጂ፣ ምድር ላይ አጥብቀሽ ያዣት አለችኝ። እሺ አልኩ። ብዙ ሳንቆይ ጓደኛዬ ወደ ፊት ስትገፋኝ ከሥሯ ገብቼ በትከሻዬ አሳለፍኳት። በጎኗ ወደቀች፣ ግማሽ ነጥብ ተሰጠኝ። ጭንቅላቷ ግን የምንጣፉን ጠርዝ የመታ መሰለኝ።

«እኔን!»

አፌ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ኮሌታዋን የያዘው እጄ ለቆ ማጅራቷን ሊደግፍ ሄደ። እሷ ምንም አልሆነችም፤ እንደ ደንቡ ክንዴን ይዛ ተገለበጠችና ላዬ ላይ ሆነች። ሃያ ሰከንድ ከያዘችኝ ያበቃል። ተፈራገጥኩ፣ ተጣመምኩ፣ አልተነሳሁም።

አሰልጣኜ አልተቆጣችም። ቃሉን ብቻ ብትይው ግድ አልነበረኝም፣ እጅሽ ለቀቃት አለች። ጓደኛዬ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ልታናግረኝ ትመጣና ትመለሳለች። በማግስቱ ከሰዓት፣ ለመርሳም ከሰዓት በሆነ ጊዜ፣ ደወልኩ።

«እማ፣ አልመጣም።»

«አሞሽ ነው?»

«ተሸነፍኩ። ጥያት ነበር። እኔን ብዬ ስደግፋት ያዘችኝ።»

 «ልጅቱ ተጎዳች?» አለችኝ።

«ደኅና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ።»

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድኩባት። አንድ ቀን እንኳ መጀመሪያ ለእኔ እዘኚ ልላት ነበር፤ ምላሴን ነክሼ ተውኩት። ደግ አደረግኩ፣ ምክንያቱም ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ ፍራሽሽን ፈትቼ ጥጡን አስነድፌው ነበር አለች። እንደገና ሞልታ ሰፍታዋለች። ሦስት ቀን በተከታታይ ፀሐይ ላይ አውላዋለች።

«ቆይ ደመና መጣ፣ ላስገባው» አለችና ስልኩን ሳትዘጋ አንድ ነገር ላይ አስቀመጠችው። በአስፋልቱ ወደ ወልድያ የሚወጣ ተሳቢ ሲያጓራ ሰማሁ። የዶሮ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የፍራሹ መጎተት፣ ማረፍ፣ እንደገና መጎተት፣ የእሷም ትንፋሽ። የጥጥ ፍራሽ ለብቻ አይነሳም፤ አንድ ሰው ወዲያ ጫፉን መያዝ አለበት።