ለአራት ዓሦች መሸሸጊያ

ዓሣ በገንዳ ስለ ማኖር ያገኘሁት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተጻፈው ለባሕር ነው። ጨዋማ ውሃ፣ ያለማቋረጥ የሚሠራ ፓምፕና ለብቻው የተገጠመ መብራት ይጠይቃል። እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ያለኝ የቦኖ ውሃ፣ ደስ ባለው ጊዜ የሚጠፋ መብራትና አንድ መስኮት ነው። ባሕር አይቼም አላውቅ። እንዲያም ሆኖ አልተውኩትም።

ሐሳቡ ከባድ አይደለም። ከዓሦቹ ገንዳ አጠገብ፣ ዓሣ የማይገባበት ሌላ ትንሽ ዕቃ ይቀመጣል። እዚያ የውሃ ሣር ይበቅላል፤ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ የውሃ ነፍሳትም የሚበላቸው ሳይኖር ይራባሉ። የገንዳው ውሃ በዚያ በኩል ዞሮ ሲመለስ ሣሩ ቆሻሻውን እየተመገበ ያጠራዋል። እንግሊዝኛው ለዚህ ዕቃ የራሱ ስም አለው። እኔ መሸሸጊያ አልኩት።

አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ግማሽ ዕድሜዬን ከማያክሉ ልጆች ጋር ነው። ያን ጊዜም አይሆንም ያላለኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራለሁ፤ አይሆንም ሲሉኝ መጀመሪያ የማነሣው ማስመሪያዬን ነው።

ዓሦቹን ያመጣልኝ አንድ መምህር ነው። ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ ወደ ወገዳ ሄዶ ከወንዝ ያስጠመዳቸውን ስድስት ትንንሽ ዓሦች በጀሪካን ይዞልኝ መጣ። በተከራየሁት ክፍል፣ መስታወት ቆራጭ በሠራልኝ ገንዳ አኖርኳቸው። ሁለቱ በሳምንቱ ሞቱ። ውሃውን ብለውጥም ብለውጥም መልሶ ይደፈርሳል፤ ይሸታል።

ሽታው አከራዬን አመጣቸው። የእስቴ ተወላጅ፣ የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ሲናገሩ ግቢው ሁሉ ይሰማል።

«አንቺ፣ ለሁዳዴ ነው ያሰብሻቸው?»

«አይበሉም እትየ።»

«የማይበላ ዓሣ! ቄሶቹ ይበላል አይበላም እያሉ ሲከራከሩ፣ አንቺ ጭራሽ ቀላቢ ሆነሽ አረፍሽው?» አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ስሚኝ፣ ይኼ ቤት ጭቃ ነው። ከረጠበ ይናዳል። እስከ ሁዳዴ መያዣ ካላስወጣሽልኝ እኔው ራሴ ነኝ የምደፋቸው።»

ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል ማለት ነው። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ንድፉን አወጣሁ። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጎኑ አስተኝቼ ከላይ ቀደድኩት፤ ጠጠርና ደለል ሞልቼ፣ ከከተማው በታች ካለው ጅረት የለቀምኩትን ሣር ተከልኩበት። ቦታው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ፣ ከገንዳው ከፍ ብሎ ነው። ፓምፑ ደግሞ ክንዴ ነው፤ ጠዋት ሃያ ጣሳ፣ ከሥራ ስመለስ ሃያ ጣሳ ከገንዳው እየቀዳሁ ወደ ጀሪካኑ እጨምራለሁ። በጀሪካኑ አፍ ተርፎ የሚፈሰውን ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል። ሁሉንም በሚሊ ሜትር ለክቼ ጽፌያለሁ።

አንድ ነገር ግን ተሳስቼ ነበር። ውሃ ቶሎ ቶሎ ቢዞር ቶሎ ይጠራል ብዬ ቀርከሃውን ቁልቁል አደረግኩት። በስምንተኛው ጣሳ ደለሉ ተነሣ፤ ውሃው ሣር ነቅሎ ወረደና ከገንዳው ጠርዝ ነጥሮ ግድግዳው ላይ አረፈ። መዳፍ የሚያህል ምርጊት ወደቀ።

አከራዬ ድምፁን ሰምተው ከበሩ ላይ ቆሙ። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ቀርከሃዬን አይተው ሳቁ።

«ይኼን ፈሰስ ማን አወጣው? ይኼማ ጎርፍ ነው! አባቴ ቢያይሽ ከማሳው ያባርርሽ ነበር።»

ፈሰስ ገበሬ የዝናብ ውሃ ማሳው ላይ እንዳይተኛ በማረሻው አግድም የሚያወጣው ቦይ ነው። ልጅ ሆኜ ስንቱን ዘልያለሁ። ጎንበስ ብዬ ግን አንዱንም አይቼው አላውቅም።

«ቁልቁል የወጣ ፈሰስ አፈሩን ይዞት ነው የሚሄድ» አሉ። «አግድም ነው እንጂ፤ ዘንበል ብቻ። ለመሆኑ ያ ሁሉ ወረቀት ይኼን አይልም?»

«አይልም።»

አላመሰገንኳቸውም። መደሰታቸውን አይቼ እልህ ያዘኝ። ሲወጡ ግን ወረቀቴን ገልብጬ በጀርባው እንደገና ነደፍኩ። አራት ጣት የነበረውን ቁልቁለት አንድ ጣት አደረግኩት፤ ቀርከሃውን አስረዝሜ ከግድግዳው አራቅኩት፤ የጀሪካኑን አፍ በጠጠር አጠበብኩት። ውሃው እንደ መንገደኛ ሳይሆን እንደ ከብት፣ እየጋጠ ማለፍ ጀመረ። የወደቀውንም ምርጊት በራሴ ጭቃ መረግኩ።

የሁዳዴ ዋዜማ አከራዬ ባዶ ባልዲ ይዘው ገቡ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ቆዩ። ደረቅ ነው። ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ውሃው ፈጽሞ ጠርቷል አልልም፤ አረንጓዴ ብጤ ቀርቶታል። ግን አራቱም ዓሦች እስከ ገንዳው ወለል ድረስ ይታያሉ።

«እሺ፣ እስከ ፋሲካ ይቆዩ።»

«እስከ ፋሲካ አይደለም እትየ። ቤትዎን አላረጠብኩም፤ ሽታውንም አጥፍቻለሁ። ወይ ይኖራሉ፣ ወይ ከእነሱ ጋር እወጣለሁ።»

ድምፄ እንዲህ ከፍ ሲል ሰምተው አያውቁም። እኔም አላውቅም።

«ምን ዓይነት ደረቅ ሴት ነሽ!»

«ነኝ።»

ባልዲያቸውን ባዶውን አንጠልጥለው ወጡ። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።